ሊብሬው በማን ስም ነው?

ልጄ የመጀመሪያ መኪናዋን ልትገዛ ስትነሳ ዘመዱ ሁሉ የሄደው የሟቹ ባለቤቴ ታላቅ ወንድም ዘንድ ነው። እኔን የጠየቀኝ የለም። ሴትዮዋ ስለ መኪና ምን ታውቃለች ብለው ይሆናል። እኔ ግን ስለ መኪና አንድ ነገር በደንብ አውቃለሁ፤ ያስተማረኝም እሱ ነው። ፊት ለፊት «ጋሼ» እለዋለሁ፣ «እርስዎ» እለዋለሁ፤ ያደግሁት እንደዚያ ነው። እዚህ ግን የምጽፈው እኔ ነኝና «እሱ» ይበቃዋል።

ያኔ ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ሠፈር የነበረው ቤታችን ገና አልፈረሰም። ልጄ ሃያ አራት ዓመቷ ነበር፤ ቃሊቲ አንድ ፋብሪካ ላቦራቶሪ ውስጥ ትሠራለች። ከፒያሳ ቃሊቲ ለመድረስ ሦስት ታክሲ ትቀያይራለች፤ ሰልፉ ላይ የምትቆመው ጊዜ ከመንገዱ ይበልጣል። ሁለት ዓመት ሙሉ ቆጥባ፣ መንጃ ፈቃድ አውጥታ፣ አንድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ቤተሰቡ በተሰበሰበበት «መኪና ልገዛ ነው» አለች። ሁሉም ወደ እሱ ዞረ። እሱ ቸርችል ጎዳና ላይ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ አለው፤ በጎን ደግሞ ቤትና መኪና ያሻሽጣል። ደላላ ሲሉት ግን ይቀየማል። «እኔ ሰው ከሰው አገናኛለሁ እንጂ» ይላል።

«ላንቺማ አስቀምጬልሻለሁ» አላት። «ብርማ ቪትዝ። ሙሽራ ናት። አንዲት ሴት ብቻ ናት የነዳቻት፤ ከቤት ቤተ ክርስቲያን፣ ከቤተ ክርስቲያን ቤት።»

መኪናዋን ከበር ላይ አቁሟት ነበርና ወጥቼ አይቼ ተመለስኩ። «ቤተ ክርስቲያኑ ላሊበላ ነው እንዴ ጋሼ?» አልኩት። «ጎማዋ እኮ አልቋል።»

ሰዉ ሳቀ። እሱም ሳቀ፤ መሳቅ ይችልበታል።

«በማን ስም ናት?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ውክልና አላት።»

«እኔ ስም ነው የጠየቅሁት።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ልጅቷ የምትነዳው ስም ነው ወይስ መኪና?»

እንደገና ተሳቀ። በዚህ ጊዜ ልጄም ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

ለምን እንዳልሳቅሁ ለማስረዳት ወደ ኋላ መመለስ አለብኝ። ልጄ የሦስት ዓመት ሕፃን ሳለች እኔ የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋ ነበር፤ ባለቤቴ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር። የጥሎሽ ወርቄን ሸጬ፣ ከስፌቱ ያጠራቀምኩትን ጨምሬ፣ አንዲት አሮጌ ሰማያዊና ነጭ ታክሲ ገዛን። ሹፌር ቀጥረን ልናሠራት ነው። ታክሲዋን ያገኘልን እሱ ነው። ባለቤቷ አምስት ኪሎ አካባቢ የሚኖሩ ጡረተኛ ነበሩ። ስም እናዛውር ስል «ስም ማዛወር ገንዘብ ማቃጠል ነው» አለ። «ሰውየው ውክልና ይሰጧችኋል፤ ሊብሬው በሳቸው ስም ይቀመጥ። አገር ሁሉ የሚገዛው እንደዚህ ነው።»

እውነቱን ነው፣ አገር ሁሉ የሚገዛው እንደዚያ ነበር። ሻጩ «ስለ እኔ ሆኖ ይንዳት፣ ያከራያት፣ ይሽጣት» ብሎ ይፈርማል፤ የባለቤትነት ደብተሩ ላይ ግን ስሙ እንዳለ ይቆያል። ገዢው ቀረጡን ያተርፋል፣ ሻጩ ከምልልስ ይድናል፣ ሁሉም ደስ ይለዋል። «እናንተ ሥራ አለባችሁ፣ አትድከሙ፤ ፊርማውን እኔ አስጨርሳለሁ» አለን። እኛም አልደከምንም።

ዓመት ሳይሞላ ጡረተኛው ሞቱ። ውክልና ደግሞ ከሰጪው ጋር እንደሚሞት ያን ቀን ነው የሰማሁት። ልጆቻቸው ወራሽነታቸውን አሳውጀው መጡና ታክሲዋን ከተራ ላይ ወሰዷት። የሽያጭ ውል አልነበረንም፤ በእምነት ነው የተገዛው። ባለቤቴ ክሰስ ሲባል «ክሱ ዞሮ ዞሮ ወንድሜ ላይ ነው የሚያርፈው፤ ታላቄን ፍርድ ቤት ላቁም?» ብሎ ዝም አለ። እስኪሞትም ዝም እንዳለ ነበር።

ይህ ብቻ ቢሆን አለማወቅ ነው ብዬ እተወው ነበር። ለጡረተኛው ለቅሶ ልደርስ ስሄድ ግን የሳቸው እኅት አጠገቤ ተቀምጠው እንዲህ አሉኝ፦ «ሁለት ዓመት ሙሉ ከአልጋ አልተነሳም እኮ። ያ ዘመዳችሁ ደግ ሰው ነው፤ እየመጣ ይጠይቀው ነበር። ወረቀቱንም ያስፈረመው እዚያው አልጋው ላይ፣ ጸሐፊ ይዞ መጥቶ ነው።»

ያውቅ ነበር ማለት ነው። አልጋ ላይ ካለ ሰው ላይ ውክልና አስፈርሞ፣ ኮሚሽኑን ተቀብሎ፣ ለኛ «አትድከሙ» አለን። ስጠይቀው «የእግዜር ሥራ ነው» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ነገሩን አንስቶት አያውቅም። እኔም በየበዓሉ ማዕድ እያቀረብኩለት ሃያ ዓመት አለፈ።

እንግዲህ ያን እሁድ እሱ ንግግሩን አልጨረሰም ነበር። «ኢንሹራንሱን ደግሞ በኔ ስም እናስገባዋለን» አለ። «እሷ ገና ትናንት መንጃ ፈቃድ ያወጣች ልጅ ናት፤ ነጂዋ እሷ ናት ከተባለ ክፍያውን ይቆልሉባታል። እኔ ሠላሳ ዓመት ስነዳ አንዲት ጭረት የለብኝም።»

«ጭረቱ ሌላ ሰው ላይ ነዋ» አልኩ።

ሁሉም እንዳልሰማ ሆነ።

እንግዶቹ ሲሄዱ ልጄ ተቆጣችኝ። መኪናዋን ወዳታለች፤ ዋጋዋም ከሌሎቹ ይቀላል። «እማ፣ አንቺ እስካሁን የምትነጂው ያችን ታክሲ ነው» አለችኝ። «እኔን ደግሞ ከኋላ አሳፍረሽኛል።»

ይህ አባባሏ ዘልቆ ገባ። ያን ሳምንት ብዙ ካሰብኩ በኋላ አንድ ነገር ገባኝ፦ ከሱ ጋር ቤተሰብ ፊት ብከራከር አላሸንፍም። ቤተሰብ ፊት እሱ ታላቅ ነው፣ እኔ ነገረኛ ነኝ። ወረቀቱን ከመስታወት ጀርባ ለተቀመጠ ለማያውቀን ሰው መስጠት ነው የሚሻለው። ስለዚህ ልጄን አባበልኩና «እሺ፣ ግዢው ይሁን። ገንዘቡን ከመስጠታችን በፊት ግን ኢንሹራንሱን እንጠይቅ» አልኳት። እሱም ደስ አለው። በመጨረሻ ሴትዮዋ ልብ ገዛች አለ።

ሦስታችን ወደ ቸርችል ጎዳና ወረድን። የኢንሹራንስ ቢሮው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ያስተናገደችን ከልጄ ብዙም የማትበልጥ ፀጥ ያለች ሴት ነበረች። እሱ ወረቀቶቹን ዘርግቶ «በኔ ስም ይሁን፣ ነጂውም እኔ ነኝ» አላት።

«መኪናዋን የሚይዟት እርስዎ ነዎት?»

«የቤተሰብ ናት።»

«ቃሊቲ የምትሠራው እኔ ነኝ» አለች ልጄ። ሳታስበው ነው ያመለጣት። እሱ በክርኑ ጎነጣት፤ አየሁት።

የኢንሹራንሷ ልጅም አይታለች መሰለኝ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ጋሼ፣ አደጋ ሲደርስ መጀመሪያ የምንጠይቀው መሪውን ማን ይዞ ነበር ብለን ነው። ፎርሙ ላይ እርስዎን ጽፈን መሪው ላይ እሷ ከተገኘች ጣጣው ለሷ ነው የሚተርፈው።» ከዚያ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ገለጠች። ሊብሬው በአንዲት ሴት ስም ነው። ሴትዮዋ ለአንድ ሰው ውክልና ሰጥታለች። ያ ሰው ለሌላ ሰው ሰጥቷል። አሁን ሊሸጥልን ያለው ሦስተኛው ነው።

«እኚህ የመጀመሪያዋ ሴትዮ» አለች ጣቷን ስሙ ላይ አድርጋ፣ «በሕይወት አሉ?»

ሃያ ዓመት ማንም ያልጠየቀው ጥያቄ ይህ ነው። ባለቤቴ አልጠየቀም፣ እኔ አልጠየቅሁም። ይቺ ልጅ ግን የአየር ጠባይ እንደሚጠይቅ ሰው ዝም ብላ ጠየቀችው።

«ይኖራሉ እንጂ፣ የት ይሄዳሉ» አለ እሱ።

«ጋሼ፣ ሰው የሚሄድበት አንድ ቦታ አለ» አለችው። «እሳቸው ከሌሉ እነዚህ ወረቀቶች ሁሉ አይሠሩም።»

«አይተዋቸው ያውቃሉ?» አልኩት እኔ።

«እኔ ምን ቤት ነኝ? እኔ ያገናኘሁት ሦስተኛውን ሰውዬ ነው።»

ልጄ ወደሱ ዞረች። ቁጣ አልነበረባትም፤ ግራ የተጋባች ትመስል ነበር። «ሳታያቸው ነው አንዲት ሴት ብቻ ናት የነዳቻት ያልከኝ?» አለችው። ወረቀቶቹን አልነካችም፤ ቦርሳዋን አንስታ ወደ ደረጃው ሄደች።

አስፋልቱ ላይ ስንወጣ «በባዳ ፊት አዋረድሽኝ» አለኝ።

«ባዳዋ ጠየቀች እንጂ እኔ ምን አልኩ?» አልኩት። «ደግሞም ጋሼ፣ አምስት ኪሎ ያሉት ጡረተኛ አልጋ ላይ እንደነበሩ አውቃለሁ። እኅታቸው ነግረውኛል። ያወቅሁት ዛሬ አይደለም፤ የተቀበሩ ሰሞን ነው።»

ፊቱን ማየት የፈለግሁት ያን ጊዜ ነበር፤ አየሁትም። ከዚያ «የሞተ ሰው ታነሻለሽ» ብሎ ወደ ሱቁ ቁልቁል ሄደ። ልጄ ከጎኔ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። የታክሲዋን ታሪክ ግማሹን ነበር የምታውቀው። ቀሪውን ወደ ፒያሳ ዳገቱን ስንወጣ ነገርኳት።

ከዚያ በኋላ መኪና ፍለጋው ወር ፈጀ። የሠፈራችን መካኒክ አብሮን እየዞረ ኮፈን ይከፍታል፣ ከሥር ይተኛል፣ ተነስቶ ራሱን ይነቀንቃል። በመጨረሻ የወደዳት አንዲት ነጭ ማኑዋል ነበረች፤ ዕድሜዋ ከልጄ ጋር እኩያ ነው፣ የቀኝ የኋላ በሯ ተጨራምቷል። «ቆንጆ አይደለችም» አለ፣ «ግን አትዋሽም።» ሻጯ ፒያሳ ጨርቅ የሚነግዱ የወሎ ሴት ነበሩ። ልጄ ስለ ሞተሩ፣ ስለ በሩ አልጠየቀችም። እኔም ምንም አላስጠናኋትም።

«እትዬ፣ ሊብሬው በማን ስም ነው?» አለቻቸው።

«በኔ ነዋ» አሉ ሴትዮዋ። «አብሽሪ፣ እንዳየሽኝ በሕይወት አለሁ። ካላመንሽ ነክተሽ እዪ።»

ስም ለማዛወር አራት ቀን ተመላለስን። ሴትዮዋ ሱቃቸውን እየዘጉ አንድም ቀን ሳይቀሩ መጡ። ወደዚያው ኢንሹራንስ ቢሮ ስንመለስ ያች ልጅ አወቀችን። የማሽከርከር ልምድ የሚለው ላይ ልጄ «ሦስት ወር» ብላ ጻፈች። ክፍያው ከፍ አለ፤ እሱ እንዳለው ቆለሉባት። ለዚህ ዕድሜ መኪና ሙሉ ዋስትና አንሰጥም ስላሉ ሕግ የሚያስገድደውን የሦስተኛ ወገን ብቻ ገባን። ሌላ ሰው ላይ ለምታደርሰው ኢንሹራንሱ አለላት፤ የራሷን መኪና ጉዳት ራሷ ትችላለች። ዘመዶቻችን «ለአሮጌ መኪና ይሄ ሁሉ!» አሉ። ይበሉ አልኩ።

በሁለተኛው ወር ቸርችል ዳገት ላይ መብራት ይዟት ስትነሳ ፍሪሲዮኑን ቶሎ ለቀቀችውና ሞተሩ ጠፍቶ መኪናዋ ወደ ኋላ ተንሸራታ ከኋላ ያለውን ታክሲ መብራት ሰበረች። እኔ ከጎኗ ነበርኩ። የታክሲው ረዳት ወርዶ «እኅቴ፣ ወደ ፊት መሄድም አስተምረውሻል ወይስ ወደ ኋላ ብቻ?» አላት። ትራፊኩ መጥቶ ወረቀት ጠየቀ። መንጃ ፈቃዱን፣ ሊብሬውን፣ የኢንሹራንስ ወረቀቱን ሰጠችው። ሦስቱን ጎን ለጎን ይዞ አያቸው።

«ሁሉም አንድ ሰው ነው?»

«አዎ።»

«ብርቅ ነው» ብሎ መጻፍ ጀመረ። የታክሲውን መብራት ኢንሹራንሱ ከፈለ። ሌላ ምንም አልሆነም። መሪውን ልቀበልሽ የሚል ሰው አልነበረም፣ እሷም ቤት እስክንደርስ አልለቀቀችውም።

በዓመቱ አንድ ዘመዳችን ሞቶ ወደ ቀብር ልንሄድ ስንል እሱ ደውሎ ጉልበቴ አልታዘዝ አለኝ፣ አድርሱኝ አለ። ሱቁ ደጃፍ ቆምንለት። በምርኩዝ መጣና እጁን ከፊተኛው በር መክፈቻ ላይ አሳርፎ ጠበቀ። ታላቅ ሰው ከፊት ነው የሚቀመጠው፤ እኔ ወርጄ ከኋላ መግባት ነበረብኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ እንደዚያ አድርጌያለሁ። ልጄ አየችኝ። ቀበቶዬን አጠበቅሁ።

«የኋላው ክፍት ነው ጋሼ» አልኩት።

ከዚያ የተጨራመተውን በር እየታገለ ከፍቶ ገባ። ዳገቱ ላይ መብራት ያዘን። ልጄ የእጅ ፍሬኑን ሳበች፤ መኪናዋ አልተንሸራተተችም። ከኋላ ሆኖ ዙሪያውን ሲያይ ቆይቶ «ደህና መኪና ናት» አለ። «ማን አገናኛችሁ?»

«ማንም» አለች ልጄ፤ መብራቱ ሲለቅ ተነሳች።