ጊታሩ የጮኸበት ቅዳሜ

ሄቪ ሜታል የሚባል ሙዚቃ መኖሩን ያወቅሁት ዲላ ውስጥ ነው። ስሙን ግን ያን ጊዜ አላውቀውም። የአባቴ ሾፌር «የብረት ዘፈን» ይለው ነበር።

አባቴ ከጉራጌ አገር መጥቶ ዲላ ላይ ሱቅ የከፈተ ነጋዴ ነው። አንድ ኤንትሬ የጭነት መኪናም ነበረችው። ሾፌሩ ሞያሌ ደርሶ ሲመለስ ከወንበሩ ሥር ሻሽ፣ የእጅ ሰዓትና የራዲዮ ድንጋይ ደብቆ ያመጣል። የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ለእኔ አንድ ካሴት አመጣልኝ። ሽፋኑ ላይ የራስ ቅልና እሳት ተስሎበታል። እሱን ሲሰማው ራሱን እንዳመመው፣ እኔ ወጣት ስለሆንኩ ምናልባት እንደምችለው ነገረኝ።

እኔም አልቻልኩትም። ግማሹን ሳልሰማ አጠፋሁትና ለጓደኛዬ አሳየሁት።

ጓደኛዬ የክፍሌ ልጅ ነው፤ ጌዴኦ ነው። አባቱ ወንጌላዊ ነበሩ። ቤተ ክርስቲያናቸው በደርግ ሲታሸግ ታስረው፣ ከተፈቱ በኋላ ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። እሱ ጊታር የተማረው እዚያው ከመዘምራኑ ጋር ነበር። የታሸገው ቤት የቀበሌው መሰብሰቢያ አዳራሽ ሆነ። አግዳሚው፣ ጊታሩና ማጉያው ሁሉ የቀበሌ ንብረት ተብለው ተመዘገቡ። ቀበሌው የኪነት ቡድን ሲያቋቁም ግን ጊታሩን የሚጫወት ሰው ጠፋ። ያኔ ወደ እሱ መጡ። እምቢ ማለት የሚቻል ነገር አልነበረም። እናቱ «እጅህን ብቻ ስጣቸው» ብላ ላከችው። እሷ ራሷ በዚያ አዳራሽ በኩል ማለፍ ካለባት መንገዱን ተሻግራ በማዶ ነበር የምትሄደው።

እኔም የኪነቱ አባል ሆንኩ። ድምፅ የለኝም፤ ነገር ግን የኪነት አባል የእሁድ የልማት ሥራ ይቀርለታል። ከኋላ ቆመው አብረው ከሚያዜሙት መካከል ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ እቆም ነበር።

ካሴቱን የሰማነው ከሱቃችን ጓዳ፣ ከጨው ጆንያዎች መሀል፣ ድምፁን ዝቅ አድርገን ነው። ጓደኛዬ ጆሮውን ቴፑ ላይ ለጥፎ እስከ መጨረሻው ሰማ። ከዚያ እንደገና አስጀመረው።

«ይሄ ሰውዬ ተቆጥቷል» አለኝ። «ሰው ተቆጥቶ ይህን ያህል መጮኽ ይችላል እንዴ?»

ውሰደው አልኩት። ካሴቱ ከቤታችን ቢወጣ እኔም ደስ ይለኝ ነበር፤ አባቴ ካየው ሾፌሩንም እኔንም አይምረንም።

ከዚያ በኋላ በልምምድ ላይ ሳለን ጣቶቹ ሌላ ነገር ሲነካኩ አየሁ። የማጉያው ድምፅ ማውጫ ከድሮም ተቀዶ ነበር፤ ከፍ ሲያደርጉት ያጓራል። የኪነቱ ኃላፊ ሊያሠራው ሲል ጓደኛዬ እንዳለ ይሁን ብሎ ለመነው። ለምን እንደሆነ ከእኔና ከድራም መቺው በቀር የገባው ሰው አልነበረም።

የአውራጃው የኪነት ውድድር የተደረገው አንድ ቅዳሜ በኳስ ሜዳው ነው። ከይርጋጨፌ፣ ከጨለለቅቱና ከገደብ የመጡት ቡድኖች በቡና መኪና ተጭነው ጠዋት ደረሱ። ከዲላ እኛና ሌላ አንድ ቀበሌ ነበርን። መድረኩ በርሜል ላይ የተረበረበ ሳንቃ ነው። ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር ሜዳው ጭቃ ሆኗል። ሕዝቡ በየቀበሌው ተሰልፎ ገባ፤ የቀረ ሰው ስኳር አይሰጠውም ተብሏል። ከአውራጃው የመጣው ካድሬ ካኪውን ለብሶ ከመድረኩ ፊት ለፊት ባለ ክንድ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

ገደቦች በክራርና በከበሮ ጀመሩ። ጨለለቅቱዎች ተከተሉ። ይርጋጨፌዎች አኮርድዮን ነበራቸው፤ ሁለት ቁልፎቹ አይሠሩም። የሁሉም ልብስ ይለያያል እንጂ ዘፈኑ አንድ ነው። ምርት፣ ትግል፣ መሪያችን፤ እንደገና ምርት። ቡና ለቃሚ ሴቶቹ እግራቸውን እያፈራረቁ ቆመዋል። ተማሪዎቹ ያዛጋሉ። የሌላው የዲላ ቀበሌ ቡድን ሙሉ ትያትር ጨምሮ አቀረበና ጭብጨባው በትእዛዝ ተጨበጨበ።

እኛ ወጣን። መጀመሪያ ላይ እንደ ሌሎቹ ነበርን። ሦስተኛው ዘፈን ስለ ጦር ግንባር የሚናገር ነው፤ መሀሉ ላይ ጊታሩ ብቻውን ትንሽ ይጫወትና እኛ እንቀጥላለን። እዚያ ቦታ ላይ ስንደርስ ጓደኛዬ ጎንበስ ብሎ የማጉያውን ድምፅ እስከ መጨረሻው ከፈተው።

ጊታሩ አጓራ። በዚያ ሜዳ እንዲህ ያለ ድምፅ ተሰምቶ አያውቅም። ሳንቃው ከእግሬ ሥር ሲንቀጠቀጥ ይሰማኛል። ድራም መቺው ለአፍታ ግር አለውና ወዲያው ገባበት፤ ያለ የሌለ ኃይሉን ሰጠው። ጓደኛዬ ፊቱን ወደ ሕዝቡ አላዞረም፤ አንገቱን ደፍቶ ጣቱን ነው የሚያየው። እኛ መቀጠል የነበረብን ቦታ አለፈ፤ ማንም አላዜመም። ተማሪዎቹ ሰልፉን አፍርሰው ወደፊት ጎረፉ። ጭቃው ላይ ይዘላሉ፣ ይጋጫሉ፣ ይወድቃሉ፣ ተነሥተው እንደገና ይዘላሉ። የክፍላችን አንዲት ዝምተኛ ልጅ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ራሷን ስትወዘውዝ አየኋት። ማንም ምን እንደሆነ አላወቀም፤ ግን ሁሉም የሚያስጮኸው ነገር ነበረው። እኔም ጮኽኩ። በዚያ ቡድን ውስጥ ድምፄን ያወጣሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ሁለት ደቂቃ ቢሆን ነው። ከዚያ ጓደኛዬ ድምፁን ቀነሰ፤ እኛም ዘፈኑን ካቆምንበት ጨረስን።

ካድሬው ከወንበሩ ተነሣ። የሚያስይዘን መሰለኝ። እሱ ግን ያጨበጭብ ነበር። ማይኩን ይዞ፣ የጀግናውን ሠራዊት የመድፍ ድምፅ በጥበብ ያሰሙንን ወጣቶች አመሰግናለሁ አለ። አንደኛ ወጣን። ጓደኛዬ ዋንጫውን ተቀብሎ ሲወርድ እየሳቀ ነበር። አባቱ ከሞቱ ወዲህ ሲስቅ አላየሁትም።

ደስታው እስከ ሰኞ ነው የቆየው። የተሸነፈው የዲላ ቀበሌ የኪነት ኃላፊ ለካድሬው የነገረው ነገር ነበር፤ የሰማኸው መድፍ አይደለም፣ የኢምፔሪያሊስቶች የጭፈራ ዘፈን ነው ብሎት። ካድሬው በአውራጃው ሕዝብ ፊት ያጨበጨበ ሰው ነው። ያንን እፍረት አንድ ሰው ላይ ማራገፍ ነበረበት።

የጓደኛዬ ቤት ተፈተሸ፤ ካሴቱ ከፍራሽ ሥር ተገኘ። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ሁላችንም አዳራሹ ውስጥ ተሰበሰብን። ጓደኛዬን ድሮ አባቱ ቆመው ይሰብኩ በነበረበት ቦታ አቆሙት። የቀበሌው ሊቀመንበር ካሴቱን ከፍ አድርጎ አሳየ።

«ይህን ማን ሰጠህ?»

«ገበያ ላይ ገዛሁት።»

«ከማን?»

«የማላውቀው ሰው ነው።»

እኔ ሁለተኛው አግዳሚ ላይ ተቀምጫለሁ። ጓደኛዬ ወደ እኔ አልዞረም። ሊቀመንበሩ ደጋግሞ ጠየቀው፣ በጥፊም መታው፤ መልሱ ያው ነው። ካድሬው ከወንጌላዊ ልጅ ከዚህ የተሻለ ምን ይጠበቃል ብሎ ስለ አባቱ ብዙ ተናገረ። ከዚያ ሂስ ተጀመረ፤ እያንዳንዳችን ተነሥተን መናገር ነበረብን። ድራም መቺው አብሮ በመምታቱ ራሱን ወቀሰና አለቀሰ። አንዷ ዘፋኝ ምንም አላውቅም አለች። ተራው እኔ ጋ ደረሰ።

ካሴቱ የእኔ ነው ማለት እችል ነበር። ልል እንደነበርም ለብዙ ዓመት ለራሴ ነግሬዋለሁ። ውሸት ነው፤ ልል አልነበረም። ተነሥቼ ያልኩት ይህ ነው፦

«ጓዱ ከድሮም ከሰው መነጠል ይወዳል። የሰፊው ሕዝብ ሙዚቃ አይጥመውም። መታረም አለበት።»

«መታረም አለበት» በል ያለኝ ሰው አልነበረም። ከራሴ ጨምሬ ነው። ያኔ ጓደኛዬ አንድ ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ። ቁጣ አልነበረበትም፤ የደከመው ሰው አስተያየት ነበር። እኔም ተቀመጥኩ።

በዚያው ወር ቀበሌው ለብሔራዊ ውትድርና ልጆች እንዲያቀርብ ታዘዘ። የጓደኛዬ ዕድሜ አልደረሰም ነበር፤ ሊቀመንበሩ ዕድሜ ጨምሮ ጻፈለት። ልጆቹን አዋሳ የሚያደርስ መኪና ሲፈለግ ደግሞ የአባቴ ኤንትሬ ታዘዘች። አባቴ ጓዳ ግባና እስክጠራህ አትውጣ አለኝ። ጨው ጆንያ ላይ ተቀምጬ የመኪናዋ ሞተር ሲነሣ፣ የሴቶች ለቅሶ ሲከተላት፣ ከዚያም ሁለቱም ሲርቁ ሰማሁ።

በማግስቱ የጓደኛዬ እናት ወደ ሱቃችን መጣች። ሾፌሩን ልጆቹን የት እንዳወረዳቸው ጠየቀችው። ካምፕ በር ላይ እንደወረዱ፣ ከዚያ ወዲያ እንደማያውቅ ነገራት።

«ጋቢና ከጎኔ ላስቀምጠው ለምኜ ነበር፣ እናቴ» አላት። «ወታደሩ እምቢ አለ።»

ይህን እያላት በራሷ ላይ አሻግሮ እኔን ያየኛል። ካሴቱን ማን እንዳመጣው፣ ለማን እንደሰጠው ከእኛ ከሁለታችን በቀር የሚያውቅ የለም። እሱም እንደ እኔ ዝም አለ። ልጆች ነበሩት። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ከሞያሌ ምንም አምጥቶልኝ አያውቅም፤ በስሜም ጠርቶኝ አያውቅም።

ደርግ ወድቆ የተበተነው ሠራዊት በየመንገዱ እየለመነ ሲመለስ፣ እናቲቱ ከሰሜን የሚመጣ አውቶቡስ ሁሉ አጠገብ ትቆም ነበር። በመጨረሻ አንድ የገደብ ልጅ በእንጨት እየተደገፈ መጥቶ እውነቱን ነገራት። አብረው አንድ ሻለቃ ውስጥ ነበሩ፤ ልጇ ግንባር በደረሰ በሁለተኛው ወር ሞቷል። የት እንደተቀበረ አያውቅም። መቀበሩንም አያውቅም።

እኔ ወደ እሷ የሄድኩት ከዚያም ብዙ ቆይቼ ነው፤ አግብቼ ልጅ ከወለድኩ በኋላ። ቤተ ክርስቲያኑ ተመልሶላቸዋል፤ እሷም በፊት ለፊቱ በር ገብታ የምትጸልይበት ጊዜ ነው። ቤቷ ገብቼ ተቀመጥኩና ካሴቱ የእኔ ነበር አልኳት። አዳራሹ ውስጥ የተናገርኩትንም ቃል በቃል ነገርኳት። አንገቷን ደፍታ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«ገበያ አልገዛሁትም፣ የጓደኛ ነው ብሎኛል» አለች። «ስም አልነገረኝም። እኔ ግን ጠርጥሬ ነበር። ሱቃችሁ ውስጥ ስትሸሸኝ አይቻለሁ እኮ፤ እኔ ስመጣ አንተ ጓዳ ትገባለህ።»

ይቅር በይኝ አልኳት።

ድምፅዋን ሳታነሣ እንዲህ አለችኝ፦ «ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ይቅር ብያለሁ እላለሁ። ፓስተሩ ሲጠይቀን እጄን አነሣለሁ። እዚህ ቤቴ ውስጥ ግን አልቻልኩም። አትዋሺ ተብያለሁ።»

ልነሣ ስል ተቀመጥ አለችኝ። ቤቷ የገባ ሰው ሳይበላ አይወጣም። ቆጮና ጎመን አቀረበችልኝና ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ጠበቀችኝ። በላሁ፤ ሳህኑን ጨረስኩ። ሳህኑን ተቀብላኝ ወደ ጓዳ ገባች። ትንሽ ጠበቅኳት፤ አልወጣችም። በሩን ገርበብ አድርጌ ሄድኩ።