ለዘይነባ ያልደረሳት ዕጣ

ይህ ነገር የሆነው ባለፈው ዓመት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። ሰዎች እግሬን እያዩ «እንዴት ዳነልሽ?» ሲሉኝ ስለ ሕክምናው እነግራቸዋለሁ። እኔን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ግን ሕክምናው ሳይሆን ዕጣው ነው።

ትውልዴ አንኮበር ነው። ደብረ ብርሃን ከገባሁ ልጆቼ ወልደው አያት አድርገውኛል። ስኳር አለብኝ። ተረከዜ ላይ ጫማ የላጠኝ ትንሽ ቁስል እየሰፋ ሄዶ፣ ፋሻው ሲፈታ እኔም ለማየት እፈራ ጀመር። ማር ቀባሁበት፣ ጸበል ተጠመቅኩ፣ የታዘዘልኝን ክኒን ሁሉ ዋጥኩ። አልድን አለ። በመጨረሻ ሐኪሞቹ ስለ መቁረጥ ማውራት ጀመሩ።

ዘይነባን ያወቅኳት ሆስፒታል ውስጥ፣ ቁስል የሚታጠብበት ክፍል ደጃፍ፣ አግዳሚው ላይ ነው። ከቆላው፣ ከአልዩ አምባ የምትመጣ ሴት ናት፤ በርበሬና ማሽላ ትነግዳለች። እሷም ስኳር አለባት፤ የእግሯ ቁስል ግን ከኔ የጠለቀ ነበር። ያን ሁሉ ዳገት በመኪና ወጥታ ስትደርስ ቦታ ይዤ እጠብቃታለሁ። «አንቺ ሴትዮ፣ ዛሬ ደግሞ ከማን ጋር ተጣላሽ?» እያለች ትቀመጣለች። እውነቷን ነው። ተራ የሚያልፍ ሰው ካየሁ ዝም አልልም።

አንድ ቀን አንድ ወጣት ሐኪም ሰብስቦን አዲስ ሕክምና ሊሞከር እንደሆነ ነገረን። ከበሽተኛው ከራሱ ሆድ ጥቂት ስብ ይወሰዳል። ከስቡ ውስጥ ስቴም ሴል የሚባለው ተለይቶ ቁስሉ ዙሪያ በመርፌ ይሰጣል።

«ስቴም ሴል ደግሞ ምንድን ነው?» አልኩት።

«እማማ፣ ሰውነት ለጥገና ብሎ የሚያስቀምጠው ነው። ቁስሉ አጠገብ ሲገባ የሰነፈውን ቆዳ ይቀሰቅሰዋል ብለን ተስፋ እናደርጋለን» አለኝ።

«ስብ ከሆነ የሚፈለገው የኔ ሆድ ለጎረቤትም ይተርፋል» አለች ዘይነባ። ሐኪሙም ሳቀ።

ከዚያ እንዲህ አለን፦ «ለሁላችሁም አንሰጥም። ዕጣ ይወጣል። የደረሰው ስቴም ሴሉን ይወስዳል፤ ያልደረሰው በተለመደው መንገድ ይታከማል። ትስማማላችሁ?»

ተስማማን። ዕጣን ማን አያውቅም? ዕድሜዬን ሙሉ ዕቁብ ስጥል ኖሬያለሁ።

ዕጣው ሲወጣ ለኔ ደረሰኝ። ለዘይነባ አልደረሳትም። «አላህ ያለው ይሆናል» ብላ ነጠላዋን እግሯ ላይ ሳበች። ዕቁብ ላይ ችግር የባሰበት ሰው ሲኖር ዕጣ የወጣለት ያሳልፍለታል፤ ወግ ነው። እኔም «የኔን ለሷ አሳልፌያለሁ። የሷ ይብሳል። እኔ በሚቀጥለው ዙር እወስዳለሁ» አልኩ።

«እማማ፣ ይህ ዕጣ አይተላለፍም» አለኝ ሐኪሙ። «የሚቀጥለው ዙር የሚባልም የለም።»

«ታዲያ ያልደረሳቸው መቼ ሊደርሳቸው ነው?»

«አይደርሳቸውም።»

ነገሩ ያኔ ነው የገባኝ። እኔ የሰማሁት ዕጣና እሱ የተናገረው ዕጣ አንድ አልነበሩም።

ሐኪሙ ክፉ ልጅ አይደለም። አጠገቤ ቁጭ ብሎ አስረዳኝ። ስቴም ሴሉ እንደሚያድን ገና በእርግጥ አይታወቅም። ሁለቱ ወገኖች ካልተነጻጸሩ ያዳነው መድኃኒቱ ይሁን ሌላ ነገር አይለይም። ሰው ዕጣውን እየተቀያየረ ከገባም ሥራው ሁሉ ይበላሻል።

«ይሄ ገብቶኛል» አልኩት። «ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል ባያልፍም ማመዛዘን አያቅተኝም። ያልገባኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ጠቀመ እንበል። ዘይነባስ?»

«ያ በዕቅዳችን ውስጥ የለም» አለኝ።

«እንግዲያው ዕጣ ብላችሁ አትጥሩት። በእኛ ዘንድ ዕጣ ማን ይቅደም ይላል እንጂ ማን ይቅር አይልም።»

ጫማዬን አደረግኩና፣ ላልደረሳቸው ተራ ካልተሰጠ መርፌው እንደማይነካኝ ነገርኩት። ዘይነባ ክንዴን ያዘችኝ። «አንቺ፣ እኔ ተጣዪልኝ አልኩሽ? ወላሂ ውሰጂው» አለች። ዕጣው የደረሳቸው፣ ከለሚ የመጡ አንድ ሽማግሌ ግን ዘንጋቸውን ተደግፈው ተነሡና «ሴትዮዋ ካልተወጋች እኔም አልወጋም» አሉ። ሌሎችም ማጉረምረም ጀመሩ። ሐኪሙ ላቡን ጠረገና «የበላዮቼን ልጠይቅ፤ ጊዜ ስጡኝ» አለ።

ቤት ስገባ ልጄ ሰምቶ ጠበቀኝ። «እማዬ፣ እግርሽን በክርክር ልታስቆርጪው ነው?» አለኝ። ማታውን ሙሉ አኮረፈኝ። እኔም ፈርቼ ነበር፤ አልዋሽም። ተረከዜ ይጠዘጥዘኛል፤ ነገ የሚሆነውን አላውቅም። ግን መርፌውን ተወግቼ ከዘይነባ ጎን አግዳሚው ላይ ስቀመጥ ምን ብዬ ነው ፊቷን የማየው?

መልሱ ዘገየ። በመጨረሻ ሐኪሙ ሁላችንንም ጠርቶ ተናገረ። የመጀመሪያዎቹ ታክመው ጉዳት ካልታየና የሚጠቅም ከመሰለ፣ ያልደረሳቸውም በተራቸው ይሰጣቸዋል። የለሚው ሽማግሌ «ይኸው፤ ዕቁብ ሆነ» አሉ። ከሆዴ ስቡን የወሰዱልኝ ከዚያ በኋላ ነው።

ቁስሌ ቀስ በቀስ ከዳር ዳር እየጠበበ መጥቶ ተዘጋ። አሁን ሮዝ የመሰለ ለስላሳ ቆዳ ለብሷል። ያዳነኝ ስቴም ሴሉ ነው ወይስ በየጊዜው መታጠቡ፣ ሐኪሙ ራሱ ገና አጣርተን አልጨረስንም ይላል። እኔ እግዚአብሔርን አመስግኛለሁ።

ዘይነባ ግን ተራዋ እስኪደርስ ድረስ ትንሿ የእግሯ ጣት ጠቆረችና ተቆረጠች። ኋላ መርፌውን ወሰደች። ቁስሏ እየደረቀ ነው፤ ሙሉ በሙሉ ግን አልተዘጋም። ባለፈው ስንገናኝ «ጫማ እንኳ ሰፋኝ፤ ትርፍ ነው» ብላ ቀለደች። እኔ አልሳቅኩም።

ሐኪሙን ስለዚያች ጣት ጠይቄው ነበር። «ሕክምናው ቢደርሳትም ልትቆረጥ ትችል ነበር» አለኝ። ሊሆን ይችላል። ላትቆረጥም ትችል ነበር።

ጎረቤቶቼ «እግርሽ ድኗል፤ ትልቅ ሰው ነሽ፤ ከእንግዲህ አርፈሽ ተቀመጪ» ይሉኛል። አርፌ አልቀመጥም። አዲስ በሽተኞች ተሰብስበው ዕጣ ሊወጣላቸው መሆኑን ስሰማ ነጠላዬን አጣፍቼ እሄዳለሁ። የማውቀው ሰው ባይኖርም ከመካከላቸው እቀመጣለሁ። ያ ወጣት ሐኪም ሲያየኝ አንገቱን ይደፋና ከሁሉም በፊት ዕጣው የማይደርሳቸው ሰዎች ተራቸው መቼ እንደሆነ ይናገራል። ከዚያ በኋላ ነው ዕጣው የሚወጣው።