የሳሎኑ አምፖል

ልጄ ለገና የገዛቻቸውን ትንንሽ መብራቶች መስኮቱ ላይ ስትሰቅል አንዷን ነካሁ፤ አትሞቅም። የአባቴ አምፖሎች ግን ጣት ያቃጥሉ ነበር፤ ሲበሩ የቀባቸው ቀይና አረንጓዴ ቀለም ይሸታል።

በደርግ ጊዜ ነው፣ ባሕር ዳር። አባቴ የፋብሪካ ኤሌክትሪሺያን ነበር። የምንኖረው ሐይቁ አጠገብ፣ አከራያችን መሪጌታ ግቢ ውስጥ ነው። ለግቢው ሁሉ ያለው አንድ ቆጣሪ ነው፤ ፊውዙ ደካማ ስለሆነ አንዱ ቤት ካውያ ሲሰካ ሌላው ምድጃ ይነቅላል።

አንድ ገና አባቴ የግቢውን በር በቀባቸው አምፖሎች ሊያስጌጥ ፈልጎ ግድግዳው ላይ በከሰል እየጻፈ አሰላ። "ሃያ አምፖል፣ እያንዳንዱ አምስት ዋት፤ መቶ። የሳሎናችንን ባለ መቶውን ካጠፋን ፊውዙ ይችለዋል።"

አጠፋን። የግቢው በር አሸበረቀ፤ ሰፈርተኛው ሊያይ መጣ። እኛ በጨለማ ለእራት ስንቀርብ መሪጌታ ገቡና ጋቢያቸውን ሰብስበው አጠገባችን ተቀመጡ።

"የኔንም አጥፍቼ መጣሁ።"

"ኧረ ፊውዙ የእርስዎን እንኳ ይችለዋል" አለ አባቴ።

"አውቃለሁ። እናንተ ጨለማ ተቀምጣችሁ እኔ ብርሃን ላይ ልበላ ነው እንዴ?"

ነፍሳቸውን ይማርና፣ ቀዩና አረንጓዴው በመስኮት ገብቶ ነጭ ጺማቸውን ሲያቀልመው ዛሬም ይታየኛል።

የልጄ መብራቶች ሲበሩ ተነሥቼ የሳሎኑን አምፖል አጠፋሁ።

"አባዬ፣ እነዚህ መብራቶች እኮ ምንም ኤሌክትሪክ አይበሉም!" አለች ልጄ።

"አውቃለሁ" አልሁ።