ያልጠበቅኩት አንድ ሰዓት

በስደት በምኖርባት ስካርቦሮ፣ አንድ ትንሽ የእንስሳት ላቦራቶሪ ውስጥ እሠራለሁ። የበግ፣ የፍየልና የአልፓካ ሰገራ እመረምራለሁ። አልፓካ የግመል ዘመድ ነው፤ ከግመል ያነሰ፣ ለጸጉሩ ተብሎ የሚረባ።

ሥራው ከባድ አይደለም። ሰገራውን በወፍራም የስኳር ውሃ በጥብጬ ቱቦ እሞላለሁ፤ አፉ ላይ ስስ መስታወት እደፋበታለሁ። እንስሳው ሆድ ውስጥ ጥገኛ ተሕዋስ ካለ እንቁላሉ ተንሳፍፎ መስታወቱ ላይ ይለጠፋል፤ እሱን በማይክሮስኮፕ አያለሁ። ለበግ ሩብ ሰዓት ይበቃል። አልፓካን የሚገድለው አንዱ ጥገኛ ግን እንቁላሉ ስለሚከብድ ዘግይቶ ነው የሚወጣው። ስለዚህ ለአልፓካ አንድ ሰዓት እንጠብቃለን። ይህን ለአዲስ ሠራተኞች የማስተምረው እኔ ነኝ።

ስቅለት እዚህ አገር ተራ የሥራ ቀን ላይ ዋለ። ግማሽ ቀን አስፈቀድኩ። ለዓመታት ቤተ ክርስቲያን ያልረገጠችው ልጄ፣ እኔ እወስድሻለሁ ብላ ደጅ መኪና ውስጥ ትጠብቀኛለች። የቀረችኝ አንዲት ናሙና ነበረች፤ ከከተማ ውጭ ያለች ገበሬ የላከቻት። የምታጠባ አልፓካ ከስታባታለች።

ልጄ ደወለች። «እማዬ፣ እየመጣሽ ነው? ካረፈድን ፓርኪንግ አናገኝም።»

ሐሳቧን እንዳትለውጥ ፈራሁ። መስታወቱን በሩብ ሰዓት አነሣሁት። ንጹሕ ነበር። «አልተገኘም» ብዬ ጻፍኩ።

ቤተ ክርስቲያን ልጄ አጠገቤ ሰገደች። ግንባሯ ላይ ላቡን እያየሁ አምላኬን አመሰገንኩ።

የፋሲካ ማግስት ገበሬዋ ደወለች። «አልፓካዋን እሑድ ጠዋት ግልገሏ አጠገብ ወድቃ አገኘኋት፤ ሞታለች» አለች። ከማቀዝቀዣው የተረፈውን ሰገራ አውጥቼ እንደገና በጠበጥኩ። አንድ ሰዓት ጠበቅኩ። እንቁላሎቹ መስታወቱን ሞልተውታል፤ ትልልቅ፣ ቡናማ፣ እንደ አቮካዶ ጫፋቸው የሾለ።

ለአለቃዬ ነገርኩት። ለገበሬዋም ራሴ ደወልኩ። በእንግሊዝኛ ስናገር ቃል ያጥረኛል፤ ያን ቀን አላጠረኝም። መጠበቅ ሲገባኝ አልጠበቅኩም አልኳት። የሌሎቹን አልፓካዎቿን ሰገራ በማግስቱ እንደምታመጣ፣ የምመረምርላትም እኔ እንድሆን ነገረችኝ። እግዚአብሔር ይስጣት። ሦስቱ ላይ ጥገኛው ተገኘ፤ ታክመው ዳኑ።

ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው የልጄን መምጣት አስቀደምኩ። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«ስግደቱስ የአንቺ ነው፣ ልጄ፤ ሰዓቱ ግን የማን ነበር?» አሉኝ።

ልጄ ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ትመጣለች። ስለ አልፓካዋ እስከ ዛሬ አልነገርኳትም።

በሰኔ ገበሬዋ በጡጦ ያሳደገችውን፣ የሞተችውን አልፓካ ግልገል ሰገራ ላከች። ስልኬን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ቱቦው አጠገብ ተቀመጥኩ። ሰዓቱ ሞላ። መስታወቱን ከዳር እስከ ዳር አየሁ፤ ደግሜም አየሁ። ምንም የለም። «አልተገኘም» ብዬ ልጽፍ እስክሪብቶ አነሣሁ፤ መልሼ አስቀመጥኩት።

አዲስ መስታወት ደፍቼ ሌላ አንድ ሰዓት ጠበቅኩ።