ገፈርሳ ላይ የተረፈችው እንጥሌ

ሰው ሲፈራ ይጮኻል ይባላል። ውሸት ነው። ሰው ከልቡ ሲፈራ ድምፁ ይዘጋል። የሚጮኸው ወይ ገና መፍራት የጀመረው ነው፣ ወይ ፍርሃቱ ያለፈለት።

ይህንን ባለፈው ሳምንት ሰበታ ውስጥ አንዲት ወጣት ሐኪም በዓይኔ አሳየችኝ። ድምፄ ሻክሮ ስለሰነበተ፣ ጫፉ ላይ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በአፍንጫዬ አስገብታ የገዛ ማንቁርቴን ስክሪን ላይ አመጣችልኝ። የድምፅ አውታሮቼ ሁለት ነጫጭ እጥፋቶች ናቸው። ስተነፍስ ይከፈታሉ፤ "ኢ ይበሉ" ስትለኝ ተጠጋግተው ከሳንባዬ በሚወጣው አየር ይርገበገባሉ። ቱቦው ጠጋ ሲላቸው ግን ጥርቅም አሉ።

"ፈሩ" አለች እየሳቀች። "ዋና ሥራቸው ይኼ ነው፤ ምግብና ውሃ ሳንባ እንዳይገባ መዝጋት። ንግግሩ የትርፍ ሰዓት ሥራቸው ነው።"

ቀጥላም "እንጥልዎ አልተቆረጠም እንዴ? በእርስዎ ዕድሜ ብዙ ጊዜ ተቆርጦ ነው የማገኘው" አለችኝ። ቱቦው ከአፍንጫዬ ሳይወጣ እኔ ገፈርሳ ደርሼ ነበር።

አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። ቡራዩ፣ በርበሬና እህል ከምትቸረችር አክስቴ ጋር እኖራለሁ። የትምህርት ቤታችን ሚኒ ሚዲያ ዜና አንባቢም ነበርኩ። መስከረም ላይ ማይክሮፎኑ ሲበላሽ፣ እኔ አልተበላሸሁም ብዬ ጠዋት ጠዋት በሰልፉ ፊት ዜናውን በጩኸት ማንበብ ቀጠልኩ። ያነበብኩትን የሚያስታውስ ተማሪ የለም፤ እኔም አላስታውስም። ጥቅምት ሲገባ ድምፄ መጀመሪያ ሻከረ፣ ቀጥሎ ተቆራረጠ፣ ከዚያ ጭራሽ ጠፋ። አክስቴ ያላጠጣችኝ የለም፤ ዝንጅብል በማር፣ ተልባ፣ ጥሬ እንቁላል። ዝም በል ያለኝ ሰው ግን አልነበረም። "እስቲ ዛሬስ ሞክረው?" እያሉ ሦስት ሳምንት ሙሉ በሹክሹክታ ሲያስለፈልፉኝ ከረሙ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት አክስቴ ምላሴን በማንኪያ እጀታ ተጭና በባትሪ አየች።

"እየው! እንጥሉ ወርዶ ምላሱ ላይ ተጋድሟል። ተነስ፣ ዛሬውኑ ይቆረጣል።"

የመጀመሪያ ልጇ ጡት ሳይጥል በጉሮሮ ሕመም ሞቶባታል። እንጥሉን ቶሎ ባስቆርጠው ኖሮ ይተርፍ ነበር ብላ ታምናለች። ድምፅ ቢኖረኝስ ምን ብዬ እከራከራታለሁ?

"የሱሉልታው ሰውዬ በቢላዋ ነው አሉ" አለች ነጠላዋን እያጣፋች። "የገፈርሳው በፈረስ ጭራ ነው። እሱ ይሻልሃል።"

እንዲህ ያለ ምርጫ ቀርቦልኝ አያውቅም።

ሚኒባሱ ውስጥ የባሕር ዛፍ ሽታ በመስኮት ይገባል፤ ግድቡ ከርቀት ያብረቀርቃል። በየመታጠፊያው ወርጄ ልጥፋ እላለሁ። "ወራጅ አለ" ለማለት ግን ድምፅ ያስፈልጋል።

ቆራጩ ጋሽ ተሰማ ረጋ ያሉ፣ ጥፍራቸውን በወጉ የተቆረጡ ሽማግሌ ነበሩ። ግቢያቸው ተጠርጎ ነበር። ንጽሕናው ራሱ አስፈራኝ። አግዳሚው ላይ ከእኔ በፊት ኦቦ ገመቹ የሚባሉ ገበሬ፣ ከእኔ ኋላ ሕፃን ያቀፈች ወጣት እናት ተቀምጠዋል። ኦቦ ገመቹን ያመጣቸው ማንኮራፋት ነው።

"ሚስቴ ወይ እንጥልህን ወይ አልጋዬን ምረጥ አለችኝ" ብለው ሳቁ። "አንተስ ጎበዝ?"

ጉሮሮዬን በጣቴ አሳየሁ።

"ድምፅ የለህም? ጀባዱ፣ በርታ! ስትቆረጥ እንዳትረብሸን ዋቃ አስቦልን ነው።"

ተጠሩ። ሲመለሱ አፋቸውን በጨርቅ ይዘዋል፤ ጨርቁ ቀልቷል፤ ቀልድ የለም። "ውሃ" አሉ፤ የጠጡት ግማሹ በአፍንጫቸው ተመለሰ። ድምፃቸው ግን ያው ወፍራሙ ድምፅ ነው። ድምፅ እንጥል ላይ ከሆነ እኚህ ሰውዬ በምን ተናገሩ? ጥያቄው ጥሩ ነበር፤ የሚጠይቀው ሰው ግን ድምፅ አልነበረውም።

ተራዬ ደርሶ አክስቴ ራሴን ጉልበቷ ላይ ይዛለች። ጫፉ የተሰነጠቀ ቀጭን እንጨት ገባ፤ ጫፉ ላይ እንደ ወጥመድ የታሰረው የፈረስ ጭራ እንጥሌ ላይ ሲያርፍ ተሰማኝ፤ ቀዝቃዛ ነው። ጉሮሮዬ ተጠረቀመ። አየር የለም። አለቀልኝ አልኩ። ወዲያው ሳል ፈነዳብኝ፤ ከሳሉ ጋር "ኣ!" የሚል፣ ቆርቆሮ ሲጎተት የሚመስል ድምፅ ወጣ። ጋሽ ተሰማ ደንግጠው እጃቸውን ሳቡ፤ ጭራው ሾለከ።

አክስቴ እልልታዋን አቀለጠችው። "ተናገረ! እጃቸው ስለነካው ብቻ ዳነ!"

ጋሽ ተሰማ እንጨታቸውን ትንሽ አዩት። "ወደ ቦታው መልሼዋለሁ" አሉ። ከጩኸት ያበጡት የድምፅ አውታሮቼ እብጠታቸው እየቀነሰ ኖሮ ሳሉ ገፍቶ ያስጮሃቸው ይመስለኛል። ያኔ ግን እኔም ተአምር መሰለኝ።

ያቺ እናት የኦቦ ገመቹን ጨርቅ አይታ ልትሄድ ተነስታ ነበር። ልጇ ጡት አልጠባ ብሎ ነው የመጣችው። የእኔን ድምፅ ስትሰማ ቆመች።

"በጣም ያማል እንዴ?" አለችኝ።

"ንገራት እንጂ!" አለች አክስቴ።

አልተቆረጥኩም ብዬ እውነቱን ብናገር እንጨቱ ተመልሶ የሚመጣብኝ መሰለኝ።

"አላመመኝም" አልኩ። ድምፄ ሲመለስ የተናገርኩት የመጀመሪያ ቃል ይህ ነው። እሷም ልጇን ይዛ ገባች።

የሕፃኑ ለቅሶ እስከ አስፋልቱ ድረስ ተከተለን። ከዚያ ቆመ። ጡት ይዞ ይሁን ሌላ፣ አላውቅም። አክስቴ መንገድ ላይ ትኩስ የበቆሎ እሸት ገዛችልኝ። በላሁት፤ ጣፈጠኝም።

ሐኪሟን በዚህ ቆረጣ የሚሞቱ ሕፃናት አሉ ወይ ብዬ ጠየቅኳት። "አሉ" አለች። "ደም አልቆም ይላል፣ ወይ ቁስሉ ያመረቅዛል። ላንቃው አብሮ የተቆረጠበት ደግሞ በአፍንጫው ሲናገር ይኖራል።" ለእኔ የአንድ ሳምንት ዝምታ አዝዛ ሸኘችኝ። ዝም ማለት ለእኔ መድኃኒት መሆኑ ያስቀኛል፤ በዚያ ግቢ የበደልኩት ድምፄ ተዘግቶ በነበረበት ሰዓት አይደለም፤ ሲመለስልኝ ነው። ልጁ በሕይወት ካለ ዛሬ ትልቅ ሰው ነው። በገበያም በታክሲም በአፍንጫው የሚናገር ሰው በሰማሁ ቁጥር ዞሬ አያለሁ።

አንዲት እናት "የልጄ እንጥል ወርዷል፣ ላስቆርጠው ነው" ስትል ከሰማችሁ፣ ተዪ፣ ጤና ጣቢያ ውሰጂው በሏት። እዚያው፣ በዚያው ሰዓት በሏት።