በአባቴ ባና የተጠቀለለ እራት

እኔ ችኩል ሰው ነኝ። ሻይ እስኪፈላ እንኳ ቆሜ መጠበቅ አልችልም፤ ክዳኑን ሦስቴ አራቴ ከፍቼ አያለሁ። ደብረ ብርሃን ደግሞ ለችኩል ሰው የምትመች ከተማ አይደለችም። ከፍታው ነው አሉ፣ ውሃው ቶሎ ይንተከተካል እንጂ እህሉን አያበስለውም። ባቄላ ጥደሽ፣ ልብስ አጥበሽ፣ አስጥተሽ ብትመለሺ ባቄላው ያው ጠጠር ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ፋብሪካ መጋዘን ገብቼ ማታ አስራ ሁለት ሰዓት ለምወጣ ለእኔ እራት ማለት የየቀኑ ጭንቅ ነበር።

አባቴ ከአንኮበር የመጡት ዓምና ዐቢይ ጾም ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው። ዕድሜያቸውን በሙሉ ቤተ ክርስቲያን ያገለገሉ ቄስ ናቸው። ሆዳቸውን ያማቸዋል፤ ኦፕሬሽን ያስፈልጋቸዋል ተባለ። ሐኪሙ ግን ክንዳቸውን በሁለት ጣቱ ያዝ አድርጎ አየና ወደ እኔ ዞረ። «በዚህ ሰውነት አልነካቸውም። ከፋሲካ በኋላ አምጪያቸው። ኪሎ ጨምረው ከመጡ እንሠራለን፤ ካልጨመሩ ግን አልደፍርም» አለኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጾሙን እንዲተዉት ጠየቃቸው።

«ልጄ፣» አሉት አባቴ ፈገግ ብለው፣ «ጾሙን ትቼ ከዳንኩ፣ ድኜ ምን ልሠራ ነው?»

በቃ፣ አለቀ። ከእሳቸው ጋር ክርክር የለም። ረፋድ ላይ ወደ ደብሩ ይሄዳሉ፣ ቅዳሴ አስቀድሰው ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ ይመለሳሉ። በቀን የሚቀምሱት ያኔ፣ አንዴ ብቻ ነው። በዚያ ሰዓት እኔ መጋዘን ነኝ። የስድስት ዓመቷ ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመጣ ጎረቤት ትቆያለች። ቤት ማንም የለም። ጥርሳቸው አልቋል፣ ዓይናቸውም ደክሟል፤ ምድጃ ለኩሰው ያሙቁ አይባል። ጠዋት ሠርቼ ከድኜ የምሄደው ወጥ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን በረዶ ነው። ማታ ስገባ ሳህኑ ባዶ ሆኖ አገኘዋለሁ፤ «በልተዋል?» ስላቸው «ተመስገን» ይሉኛል። ግን ከቀን ቀን ቀሚሳቸው እየሰፋቸው ሄደ። አንድ ቀን የግቢያችን ውሻ ከእሳቸው ይልቅ እየወፈረ መሆኑን አየሁና ነገሩ ገባኝ። ተናድጄ ልጮህባቸው አፌን ከፈትኩ፤ ፊታቸውን ሳይ ዘጋሁት።

ከአዲስ አበባ የኤሌክትሪክ ድስት አስመጣሁ። ጠዋት ሞልተሽው ትሄጃለሽ፣ ቀስ እያለ ሲያበስል ይውላል፣ ስትመለሺ ደርሶ ታገኚዋለሽ የሚባለውን። ደስ አለኝ፣ እሰይ ተገላገልኩ አልኩ። በመጀመሪያው ቀን ከቤት በወጣሁ በግማሽ ሰዓት መብራት ጠፋ። በሁለተኛውም ቀን ጠፋ። በሦስተኛው ቀን ስገባ ባቄላው ጥሬም ብስልም ሳይሆን ኮምጥጦ ጠበቀኝ። ያን ድስት በእግሬ ልጠልዘው ምንም አልቀረኝም።

ይህን ሁሉ ስነጫነጭ የምትሰማኝ በሳምንት ሁለቴ ልብስ የምታጥብልኝ ሴት ነበረች። እኩያዬ ናት። ከወለጋ ተፈናቅላ ከሦስት ልጆቿ ጋር ከተማችን ዳር ባለው መጠለያ ነው የምትኖረው። አገሯ ሳለች በቆሎና ቡና የነበራት ገበሬ ናት። እጇን ከአረፋው ሳታወጣ፣ «እቴ፣ ለዚህ ነው እንዲህ የምትንገበገቢው?» አለችኝ። «ድስቱ ይፍላ፣ ከዚያ ጠቅልለሽ አስተኚው። በራሱ ይበስላል።»

«ያለ እሳት?»

«ያለ እሳት። መጠለያ ውስጥ እንጨት ከየት መጥቶ? አንዲት ምድጃ ለአራት ቤት ናት። ተራሽ ሲደርስ ታፈያለሽ፣ ታወርጃለሽ፣ በብርድ ልብስ ጠቅልለሽ ትተዪዋለሽ። ቀን ብርድ ልብሱን ድስቱ ይለብሰዋል፣ ማታ ልጆቹ ይለብሱታል።» ከዚያ ሳቀችና «እንዲያውም ሞቅ ብሎ ነው የሚጠብቃቸው» አለች።

እኔ ባለ ሙሉ ቤት፣ ባለ ቡታጋዝ፣ በአንድ ድስት አገር ይያዝልኝ ስል፣ እሷ አንድ ብርድ ልብስ ለድስትም ለሦስት ልጅም አብቅታ ልብሴን ታጥባለች። ሁለት ነገር አስጠነቀቀችኝ። እህሉን ከማታው ዘፍዝፊው፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ከጠቀለልሽው በኋላ እንዳትከፍቺው። «አንቺን አውቅሻለሁ፣ ትከፍቺዋለሽ» አለችኝ።

ያን ሌሊት ልጄ ትንሽ ስታስል አደረች። አባቴ ሳሉን ሰምተው «ይህች ልጅ አሟታል መሰለኝ» ብለውኝ ነበር፤ ጉንፋን ነው ብዬ አለፍኩት። ጠዋት ከወትሮው ቀደም ብለው ወጥተው ወደ ደብሩ ሄዱ። እኔ የተዘፈዘፈውን ባቄላና ገብስ በሽንኩርት፣ በነጭ ሽንኩርትና በዘይት ጥጄ ግማሽ ሰዓት አንተከተክሁት። አሁን በምን ልጠቅልለው? ዞር ዞር ብዬ ሳይ የአባቴ ባና አልጋቸው ላይ ተጣጥፏል። ከአንኮበር ይዘውት የመጡት ነው፤ ከበግ ፀጉር የተሠራ፣ ወፍራም፣ አንድ ሰው ተሸክሞት የሚደክም። ወለሉ ይቀዘቅዛል ብዬ ድስቱን የልጄ አልጋ ላይ ትራስ አንጥፌ አስቀመጥኩት፣ ከላይም ሌላ ትራስ ደረብኩ፣ ባናውን ዙሪያውን ጠቀለልኩና ልጄን ትምህርት ቤት ለማድረስ እየሮጥኩ ወጣሁ። ለአባቴ ማታውን የነገርኳቸው «ነገ ዘጠኝ ሰዓት ሲመለሱ ትኩስ ምግብ ይጠብቅዎታል» ብዬ ብቻ ነው። የት እንደሚጠብቃቸው አልነገርኳቸውም። ችኩል ነኝ አላልኳችሁም?

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትዝ ሲለኝ ደወልኩ። ስልካቸው ዝግ ነው፤ ለቅዳሴ ዘግተውት ሳይከፍቱት ቀርተዋል። መሥሪያ ቤት ቆሜ ስቁነጠነጥ ዋልኩ። አስራ ሁለት ሰዓት እንደሆነ በረርኩ፤ ልጄን ከጎረቤት ተቀብዬ ቤት ስንደርስ መብራት የለም፣ ሳሎኑ ደንገዝገዝ ብሏል። የልጄን ክፍል በር ገፋ ሳደርግ አባቴ ከአልጋው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ግራ እጃቸው ባናው ላይ ነው፣ ቀኝ እጃቸው መስቀላቸውን ይዟል። የጠበል ጠርሙስ እግራቸው ሥር ቆሟል።

«ቀስ በይ ልጄ፣» አሉኝ በሹክሹክታ። «አሁን ገና ጸጥ አለችልኝ። ስመጣ ትኩሳቷ ያቃጥል ነበር፤ ባናው ላይ እጄን ባሳርፍ በላዩ ይሰማል። ጸሎት አደረስኩላት፣ ጠበል ረጨኋት። አሁን ላብ ወጥቷታል። አይዞሽ፣ ይተዋታል።»

ወይ ጉድ! ልጄ ከኋላዬ ቀሚሴን ይዛ መቆሟን ለአፍታ ረሳሁት። እሷ በክንዴ ሥር ብቅ ብላ አልጋውን አየች፣ አያቷን አየች።

«አባባ፣» አለች፣ «እሱ እኮ እኔ አይደለሁም፣ እራት ነው!»

አባቴ ወደ ድምፁ ዞሩ። ከዚያ ወደ ባናው። እንደገና ወደ ልጅቷ። እጃቸውን ዘርግተው ጉንጯን ዳበሱ፣ ጸጉሯን ዳበሱ። አልሳቁም። መስቀሉን ግንባሯ ላይ አደረጉ፤ እንባቸው ወረደ። ሦስት ሰዓት ተኩል ሙሉ የሞት ፍርሃት ይዟቸው እንደተቀመጡ ያኔ ገባኝ።

«እህል ቀመሱ?» አልኳቸው።

«እሷ ሳትነሣ እህል በአፌ እንዳይዞር ብዬ ነበር።»

ጠዋት ከወጡ ጀምሮ ውሃ እንኳ በአፋቸው አልዞረም ማለት ነው። የሚያስፈልጋቸውን ምግብ አቅፈው፣ ለምግቡ እየጸለዩ፣ በረሃብ ዋሉ። ራሴን በጥፊ ብመታው ደስ ባለኝ። ባናውን ፈታሁት። እውነትም ውስጡ ረጥቧል፤ እንፋሎቱ ነው። ክዳኑን ሳነሣው ትኩሱ ፊቴን ገረፈኝ። ከጠዋቱ አስራ ሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ማታው አስራ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ሙሉ፣ ክብሪት ያልተጫረበት ቤት ውስጥ! ማንኪያ ሰደድኩበት፤ ባቄላው በማንኪያው ጀርባ ነካ ሳደርገው እንደ ቅቤ ተዘረጋ። ገብሱ አብጦ ተከፍቷል። የዚህን ያህል ዕድሜ ኖሬ ያለ እሳት የሚበስል ምግብ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

አባቴ እንፋሎቱን ሲያዩ ነው ሳቃቸው የመጣው። ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። «እኔ እኮ ድስት ነው ስፈውስ የዋልኩት!» አሉ፤ ልጄም ወለል ላይ ተንከባለለች። እዚያው አልጋው ላይ ሦስታችን ድስቱን ከበን በላን። አባቴ አንድ ሳህን ጨረሱ፣ ሳህኑን መልሰው ወደ እኔ ዘረጉ። ደገምኩላቸው። እናቴ ካረፈች ወዲህ እሳቸው ሲያስደግሙ አላየሁም።

ከበሉ በኋላ ቀስ ብለው ነገሩኝ። ወጡ ስለቀዘቀዘ አልነበረም። ጥርስም አልነበረም። «ብቻዬን ስቀርብ ጉሮሮዬ ይዘጋብኛል፤ እናትሽ ከሄደች ጀምሮ ነው። እህል ነውና ልጥለው አልችልም፣ ለውሻው እሰጠዋለሁ። ተቆጪኝ እንጂ» አሉ።

ምን ብዬ ልቆጣ? ለእሳቸው ስል ስንት ዓይነት ድስት ሳማርጥ ከርሜ፣ የጎደላቸው ሰው ነበር።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አባቴ ጾማቸውን እስከ ማታ አደረጉት። «ማራዘም አይከለከልም» ብለው ይቀልዳሉ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ገብተው ከባናው ጎን ይቀመጣሉ፤ እኛ እስክንገባ ድስቱም እሳቸውም ይጠብቁናል። አንድ ቀን ምስር፣ አንድ ቀን ሽምብራ፣ አንድ ቀን ድንችና ካሮት። ድስቷን «ልጅቷ» ማለት ጀመርን። እኔም ያንን ክዳን በጊዜው እንጂ ከጊዜው በፊት ከፍቼው አላውቅም፤ ለእኔ ይኸ ራሱ ተአምር ነው። ልብስ አጣቢዬ ታሪኩን ስትሰማ እየሳቀች ሳፋው ላይ ተደገፈች። አባቴ ግን ተነሥተው እጇን ይዘው መረቋት፤ ረጅም ምርቃት፣ ወደ አገሯ ወደ ደጇ የሚያስገባት ምርቃት። እሷም እርጥብ እጇን ሳታደርቅ አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ።

ከፋሲካ በኋላ ሚዛን ላይ ወጡ። ሐኪሙ ቁጥሩን ሁለቴ አየና «ምን አበላችኋቸው?» አለ። ቀን ተቆረጠላቸው፣ ተሠሩ፣ ዳኑ።

ክረምቱ ሳይገባ ወደ አንኮበር ተመለሱ። እለምናለሁ፣ አይሰሙም፤ ደብራቸው ይጠራቸዋል። ባናውን ግን ትተውልኝ ሄዱ። «ብርዱስ?» ብላቸው «ልጅቷን አልብሻት፣ ለእኔ ጋቢ አለኝ» አሉ። መኪናው ሲነሣ ያሰብኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እዚያ ባዶ ቤት ውስጥ ጉሮሯቸው መልሶ ሊዘጋ ነው።

የመጀመሪያው ማታ አስራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ስልኬ ጮኸ።

«ልጅቷ ተነሣች?» አሉ።

«አሁን ልንቀሰቅሳት ነው፣ አባባ።»

«የእኔም ጠዋት ጎረቤት አፍልታልኝ እዚህ በጋቢ ተጠቅልላ ውላለች። ትኩሳቷ ደህና ነው። ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጊና ገበታው ላይ አስቀምጪው።»

አስቀመጥኩት። በስልኩ ውስጥ ማዕዱን ባረኩ፤ እኛ እዚህ አሜን አልን። ይኸው እስከ ዛሬ የሥራ ቀን እራታችን እንዲሁ ነው። ልጄ የትምህርት ቤቷን ወሬ ለስልኩ ታወራለች፣ እኔ ባናውን እፈታለሁ፣ እሳቸው ከወዲያ ማንኪያቸው ሳህኑን ሲነካ ይሰማል። አንዳንዴ ሁላችንም ዝም እንላለን። ያኔ አባቴ ሲያኝኩ ይሰማኛል።