ትንሹን ሞተር የመረጥኩት እኔ ነኝ

ይህን ለሚስቴም ለንስሐ አባቴም ተናግሬ አላውቅም። አንተ አንባቢዬ አታውቀኝም፤ ለዚህ ይሆናል የቀለለኝ።

በደርግ ጊዜ ጂንካ ውስጥ የአንድ ዓሣ ልማት ፕሮጀክት መካኒክ ነበርኩ። ፕሮጀክቱ ኦሞራቴ ላይ ባለሸራ ጀልባ ነበረችው፤ እህል ጭና በኦሞ ወንዝ ወደ ቱርካና ሐይቅ ትወርዳለች፣ ደረቅ ዓሣ ይዛ ትመለሳለች። ነጂዋ ሎኮሮ የሚባል የዳሰነች ብሔረሰብ ሰው ነው። ሸራውንም መሪውንም ብቻውን ስለሚይዝ፣ መሪውን በራሱ የሚጠብቅ አውቶፓይለት እንዲገጠምለት ተወሰነ። ከአዲስ አበባ ሁለት ሞተሮች መጡ፤ አንዱን ገጥሜ ሌላውን እንድመልስ ታዘዝኩ።

ትንሹ መሪውን በቀበቶ የሚያዞር ነው፤ በግማሽ ቀን ይገጠማል። ትልቁ ከወለሉ ሥር ሆኖ ውሃ ውስጥ ያለውን የመሪ ሳንቃ ራሱን ይገፋል፤ ለእሱ ግን ብረት መበየድ፣ ኦሞራቴም መሰንበት ያስፈልጋል። ምርጫው በባዶዋ ሳይሆን በተጫነችው ጀልባ ክብደት እንደሆነ፣ ለዚያም ትንሹ እንደማይበቃ አውቅ ነበር። አላወቅኩም ነበር ብል ደስ ባለኝ። ሙቀቱና ትንኙ አንገሸገሸኝ፤ በማግስቱ ወደ ጂንካ የሚመለስ የጭነት መኪና ነበር። ጂንካ ምን ይጠብቀኝ ነበር? ምንም። ቅዝቃዜው ናፈቀኝ፣ በቃ። ትንሹን መረጥኩ።

ሎኮሮ አጠገቤ ቆሞ ያያል።

«ጀልባ ሲጠግብ ይሄ ይችላል?» አለኝ። ጭነት ሲበዛ ማለቱ ነው።

«ይችላል» አልኩት።

አመነኝ። አንዲት እንስት ፍየልም ሰጠኝ። በወገኖቹ ዘንድ ፍየል የሰጡት ሰው ወዳጅ ነው፤ ወዳጅን ደግሞ በሰው ፊት አይከሱም። ይህን እዚያው ራሱ ነገረኝ። ፍየሏን ጭኜ ጂንካ ገባሁ።

ብዙም ሳይቆይ ሐይቁ ላይ ነፋስ ተነሳ። ሎኮሮ ሞተሩን ከመሪው የሚያገናኘውን ማያያዣ ቆልፎ ሸራ ሊያወርድ ወደ ፊት ሄደ። ቀበቶው ተንሸራተተ፣ ጀልባዋ ጎኗን ለማዕበል ሰጠች፣ እህሉ ከላይዋ ወድቆ ሰመጠ። ሮጦ መሪውን ሲይዝ መሪው ተሽከርክሮ የቀኝ አንጓውን ሰበረው። እጁ ተጣሞ ዳነ።

ጀልባዋን የፈተሽኩት እኔ ነኝ። ማያያዣው እንደተቆለፈ ነበር፤ ቀበቶው ግን ተልጧል። ጂንካ ላይ ለስብሰባ ተጠራን። «መሣሪያው ደህና ነው፤ ሳይቆልፈው ነው የሄደው» አልኩ። እኔ አልኩ፤ ማንም አላስገደደኝም። ሰብሳቢው ሎኮሮን፣ «ጓድ፣ የምትለው አለ?» አለው።

«ወዳጄ ነው። እሱ ያውቃል» ብሎ ተቀመጠ።

ከሥራ አባረሩት። ዝም እንደሚል ቀድሜ አውቅ ነበር? አውቅ ነበር። የተማመንኩትም በዚያ ነው።

ከዚያ «ለጥንቃቄ» ብዬ ገና ያልመለስኩትን ትልቁን ሞተር ገጠምኩ፤ አንድም ቀን አላስቸገረ። አለቆቼ አመሰገኑኝ፤ እኔም ምስጋናውን ተቀበልኩ።

ከዓመታት በኋላ ወይጦ ላይ መኪና ስጠብቅ አገኘሁት። በግራ እጁ ጨበጠኝ።

«ፍየል ወለደች?» አለኝ።

«ብዙ ወለደች።»

ደስ አለው። መኪናው እስኪመጣ ሰፊ ጊዜ ነበረን፤ ልነግረው እችል ነበር። ስለ ፍየል አወራን።

በሙቀቱ አላመካኝም፣ በወጣትነቴም። አንተን ይቅርታ አልለምንህም፤ የበደልኩት አንተን አይደለም። ያን ቀን በስብሰባው ላይ ማለት የነበረብኝን ብቻ ልበል፦ ሎኮሮ ቆልፎት ነበር።